ጀልባው ሲሰናከል ምን ይሆናል?

[የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል]

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ጀልባ ነው፤ በሞተር ስለሚነዳው ሳይሆን በክንድ ስለሚቀዘፈው። «ደጋ ላይ ተቀምጦ ስለ ጀልባ ማውራት ምን ይባላል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንሄድ የሐይቅ ውኃ ተንጣሎ ይገኛል፤ አጠገቡም አርዲቦ አለ። ወደ መቅደላ በኩል በሽሎ አለ። ኮምቦልቻን አቋርጦ የሚወርደው ቦርከና ደግሞ ከደጃችን ነው። ዓሣ ለማስገር የተደራጀ ማኅበር ይሁን እንግዳ ለማስጎብኘት ያሰበ ወጣት፣ አንድ ቀን «የትኛውን ጀልባ ልግዛ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

እስኪ ጥያቄውን እናንተም ለራሳችሁ አቅርቡት። ጀልባ ስትመርጡ መጀመሪያ የምታዩት ምንድን ነው? ፍጥነቱን? የሚጭነውን ሰው ብዛት? ዋጋውን? ብዙ ሰው እነዚህን ነው የሚያየው፤ የሚያስወቅስም አይደለም። የዛሬው ዝግጅት ግን ሌላ ነገር ከሁሉ ይቅደም ይላል። ጀልባ መመረጥ ያለበት ደህና ቀን ላይ እንዴት እንደሚሄድ ታይቶ ሳይሆን፣ ክፉ ቀን ላይ እንዴት እንደሚሰናከል ታውቆ ነው። ልድገመው፤ ከአካሄዱ በፊት አወዳደቁ ይጠየቅ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጸጥ ባለ ውኃ ላይ ማንኛውም ጀልባ ይሄዳል። በጀልባና በጀልባ መካከል ያለው ልዩነት የሚታየው ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው።

[አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ]

ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎችን እንያዝ፤ ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ ጻፏቸው። አንደኛ፣ ጀልባው ቋጥኝ ሲመታ ምን ይሆናል? ሁለተኛ፣ ውኃ ሲሞላው ምን ይሆናል? ሦስተኛ፣ ነፋስ ሲመጣበት ምን ይሆናል? ቋጥኝ፣ ውኃ፣ ነፋስ። የትኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ ይከብዳል የሚለውን የሚወስነው ደግሞ የምንሄድበት ውኃ ነው። በገደል ውስጥ የሚወርድ ወንዝ ላይ ዋናው ጠላት ቋጥኝ ነው። በሰፊ ሐይቅ ላይ ቋጥኝ ብዙም አያሳስብም፤ እዚያ የሚያስፈራው ነፋስና ጥልቀት ነው። እንግዲህ ወደ ጀልባው ከመሄዳችን በፊት የራሳችንን ውኃዎች በየተራ እንያቸው።

በቦርከና እንጀምር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ከእርሷ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ይህን ያህል ቁልቁለት በዚህ አጭር ርቀት የሚወርድ ውኃ፣ በበጋ በድንጋይ መካከል የሚሾልክ ቀጭን ጅረት ይሆናል፤ በክረምት ደግሞ ድንጋይና ግንድ እየገፋ የሚመጣ ደራሽ ነው። በበጋ ጀልባውን የሚሸከም ውኃ የለም፤ በክረምት ጀልባውን የሚያቆም ኃይል የለም። በዚያ ላይ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀላቀልበት ስለሆነ፣ የተገለበጠ ሰው የሚውጠው ውኃ ራሱ ለጤና ጠንቅ ነው። ወንዙ ረገብ የሚለው ወደ ታች ወርዶ ከሚሴ አካባቢ የጨፋን ረግረግ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ላለው ቦርከና ትክክለኛው የጀልባ ምርጫ ምንም ጀልባ አለመምረጥ ነው። ይህም ራሱን የቻለ መልስ ነው፤ ምርጫ ሲባል «ይቅር» ማለትንም ይጨምራል።

ወደ በሽሎ እንለፍ። በሽሎ የዓባይ ገባር ነው፤ ጥልቅ ሸለቆ ቆርጦ የሚሄድ ወንዝ ነው። ጠባዩን ለማወቅ ታሪክ ይረዳናል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ሽቶ ወደ መቅደላ ሲወጣ በሽሎን የተሻገረው በእግሩ ነው። ያን ያህል ሠራዊት ያለ ድልድይና ያለ ጀልባ ተራምዶት አለፈ። ያው ወንዝ ግን በሐምሌና በነሐሴ ሲሞላ የሁለቱን ማዶ ሰው ይለያያል። እንግዲህ በሽሎን «ጀልባ የሚሄድበት ወንዝ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ በደፈናው መጠየቅ አይሆንም። «በየትኛው ወር?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው። በአገራችን ደጋ ወንዞች ላይ መርከብ ያልተለመደው አባቶቻችን ጀልባ መሥራት አቅቷቸው አይደለም። ወንዙ በበጋ ጎድሎ፣ በክረምት ሞልቶ ስለሚያስቸግር ነው።

ሦስተኛው ውኃችን ሐይቅ ነው። በተሁለደሬ ወረዳ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ማለት ነው። ይህ ውኃ መውጫ የለውም፤ የሚፈስ ወንዝ አይነሣበትም። ስለዚህ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚገፋ ኃይለኛ ጅረት አታገኙበትም። ጥልቀቱ ግን በጣም ትልቅ ነው፤ በጥልቁ ቦታ 80 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህ ለጀልባ መራጭ ምን ይነግረዋል? ከጀልባ የወደቀ ሰው እግሩ መሬት አያገኝም። ስለዚህ ለሐይቅ ከሦስቱ ጥያቄዎች ከባዱ ሁለተኛው ነው፤ ውኃ ሲሞላው ምን ይሆናል? ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

[የመቅዘፊያና የውኃ ድምፅ፤ ለጥቂት ሰከንድ]

አሁን ጀልባዎቹን እንያቸው። በአገራችን የቆየውና ሁላችን የምናውቀው ታንኳ ነው። ጣና ላይ ከደንገል ይሠራል። የደረቀው ደንገል በእቅፍ በእቅፍ ይታሰራል፤ እስሩ ጎን ለጎን ይገጠምና ፊቱ ሾጠጥ ብሎ ወደ ላይ ይቀናል። ታንኳ በሦስቱ ጥያቄዎች ሲፈተን አስገራሚ ውጤት ያመጣል። ውኃ ሲሞላው አይሰምጥም፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያውም ባዶ ዕቃ አይደለም። ተንሳፋፊነቱ ያለው በደንገሉ ውስጥ በታመቀው አየር እንጂ በጎድጓዳው ሆድ አይደለም። ድክመቱ ሌላ ነው፤ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ቀስ በቀስ ይከብዳል። ለዚህ ነው ባለታንኳዎች ከሥራ በኋላ ወደ ዳር አውጥተው የሚያደርቁት፤ ዕድሜውም ያው አጭር ነው። ልብ በሉ፤ ታንኳ የሚሰናከለው በድንገት አይደለም። ባለቤቱን በየቀኑ እየከበደ ያስጠነቅቀዋል።

ሁለተኛው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራው ጀልባ ነው። ጋምቤላ ውስጥ በባሮ ላይ አኙዋኮችና ኑዌሮች ሲቀዝፉት ይታያል። ባሮ ሜዳ ላይ ከወረደ በኋላ ሰፊና ዝግ ያለ ወንዝ ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በክረምት ከሱዳን የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ ድረስ ይደርሱበት ነበር። ጠባብና ረጅም ግንድ ለእንዲህ ያለ ውኃ ይስማማል፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ በትንሽ ጉልበት ይፈጥናል። ነገር ግን ጠባብ ስለሆነ ሚዛን ላልለመደ ሰው ይገለበጣል። ከባድ ስለሆነም ከቋጥኝ ጋር ሲጋጭ ይሰነጠቃል እንጂ አይታጠፍም።

ሦስተኛው ከእንጨት፣ ከብረት ወይም ከፋይበር ግላስ የሚሠራው ባለ ደረቅ አካል ጀልባ ነው። ቀዛፊው ጀርባውን ወደሚሄድበት አዙሮ ይቀመጣል፤ ሁለቱ መቅዘፊያዎች ከጀልባው ጠርዝ ጋር ተያይዘዋል፤ እግሩን ተደግፎ በወገቡና በጀርባው ጉልበት ይስባል። ለረጅም የሐይቅ ጉዞ ከዚህ የሚሻል አቀዛዘፍ የለም። ከሆዱ ሥር ርዝመቱን ተከትሎ የወጣ ሸንተረር ካለው ደግሞ ነፋስ በቀላሉ ከመንገዱ አያስወጣውም። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ባዶ ዕቃ ስለሆነ ውኃ ከሞላው፣ በተለይ የብረቱ፣ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ሁለተኛ፣ ቀዛፊው ፊቱን ወደ ኋላ ስላዞረ ከፊቱ ያለውን ቋጥኝ አያይም። ሐይቅ ላይ በየጊዜው ዞር ብሎ ማየት ይበቃል፤ ፈጣን ወንዝ ላይ ግን ዞር እስኪል ድረስ አልቋል።

አራተኛው በአየር የሚነፋው የጎማ ጀልባ ነው። ቋጥኝ ሲመታ ይታጠፋል፣ ይነጥራል፣ ይንሸራተታል። ጥሩው ዓይነት አየሩ በአንድ ቋት ብቻ የታመቀ አይደለም፤ በተለያዩ ክፍሎች ተከፍሏል፤ አንዱ ቢበሳ ሌሎቹ ያንሳፍፉታል። ወለሉም በዳር በዳሩ ቀዳዳ አለው፤ በሞገድ የገባው ውኃ በራሱ ይወጣል። ትልቁን የጎማ ጀልባ በሁለት ረጃጅም መቅዘፊያ የሚመራው ሰው ፊቱን ወደ ወንዙ መውረጃ አድርጎ ይቀመጣል፤ ከዚያም ወደ ኋላ ይቀዝፋል። ለምን ይመስላችኋል? ጀልባው ከጅረቱ ዘገም እንዲል ነው። ጀልባውን ገደድ አድርጎ ወደ ኋላ ሲስብ፣ ጅረቱ ራሱ ወደ ጎን ያንሸራትተዋል፤ በዚህ መንገድ ቋጥኙን ያልፋል። በወንዝ ላይ ጥበቡ መፍጠን አይደለም፤ መዘግየት ነው። የዚህ ጀልባ ድክመት ደግሞ በሦስተኛው ጥያቄ ይገለጣል። ከውኃው በላይ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ሐይቅ ላይ ነፋስ ሲመታው ቀዛፊው በከንቱ ይለፋል።

አምስተኛው ካያክ ነው፤ አንድ ሰው ወገቡን አስገብቶ፣ በሁለት በኩል ምላስ ባለው አንድ መቅዘፊያ የሚቀዝፈው ጠባብ ጀልባ። ይገለበጣል፤ ለመገለበጥም የተዘጋጀ ነው። የሠለጠነ ቀዛፊ ውኃ ውስጥ እንደተዘቀዘቀ በመቅዘፊያው ገፍቶ ራሱን ያቀናል። ስለዚህ የካያክ ደኅንነት ያለው በጀልባው ሳይሆን በሰውየው ሥልጠና ነው። ሥልጠናው ከሌለ ግን መከላከያው የለም ማለት ነው።

[አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ]

ይህ ሁሉ የወረቀት ንድፈ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ ወደ ዓባይ እንውሰደው፤ የበሽሎ ውኃም የሚያበቃው እዚያው ነውና። እ.ኤ.አ. በ1903 ዊልያም ማክሚላን የሚባል አሜሪካዊ ባለጸጋ የዓባይን ሸለቆ በጀልባ ለመውረድ ተነሣ። ይዞ የመጣው የብረት ጀልባ ነበር። ለሚያስበው ሰው ምርጫው ትክክል ይመስላል፤ ወንዙ ኃይለኛ ነው፣ እንግዲያስ ጠንካራ ጀልባ ያስፈልጋል። ውጤቱስ? ጉዞው ገና በጅምሩ ጀልባዎቹ በገደሉ ውስጥ ተሰባበሩ፣ ሐሳቡም ቀረ። ከ65 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የእንግሊዝ ቡድን ወደዚያው ሸለቆ መጣ። በላይኛው አስቸጋሪ ክፍል ላይ ያሰማራው በአየር የሚነፋ የጎማ ጀልባ ነበር። እነዚያም ጀልባዎች ተገለበጡ፤ ቀዛፊዎቹም ወደቁ። ግን የተገለበጠው ጀልባ ተቃንቶ ጉዞው ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ዓባይን ከመነሻው ተከትለው እስከ ሜዲትራንያን ባሕር ሲወርዱ፣ አንዱ በጎማ ጀልባ ሌላው በካያክ ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ምንድን ነው? ብረቱ ከጎማው ይጠነክራል፤ ያም ሆኖ የተሸነፈው ብረቱ ነው። ብረት የሚሰናከለው አንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ነው፤ ጎማ ተሰናክሎ ይነሣል። አባቶች ለገደል በቅሎ፣ ለሜዳ ፈረስ የመረጡት ፈረሱን ንቀው እንዳልሆነ ሁሉ፣ እኛም ለገደል ወንዝ ጎማውን፣ ለሐይቅ ደረቁን ጀልባ ብንመርጥ የአንዱ ክብር አይቀንስም።

[የሙዚቃ መሸጋገሪያ]

አሁን ደግሞ «ይህስ አይሆንም» የሚለውን አድማጭ እንስማ። የመጀመሪያው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። «ሁለት ዓይነት ጀልባ ከመግዛት ለሁሉም የሚሆን አንድ ብንገዛ አይሻልም?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የተሳሳተው ምርጫ ውድ የሚሆነው በኋላ ነው። ለሁለቱም ይሆናል ተብሎ የተገዛ የጎማ ጀልባ ሐይቅ ላይ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ዳር ይታሰራል። ለሁለቱም ይሆናል ተብሎ የተገዛ የብረት ጀልባ ወንዝ ላይ አንድ ቀን ብቻ ይሠራል። ገንዘብ ካነሰ ሁለት ጀልባ መግዛት ግድ አይደለም፤ አንዱን ውኃ መርጦ ሌላውን መተው ነው የሚበጀው። ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ደግሞ ያ ውኃ ሐይቅ ነው፤ ቅርብ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ውኃ አለው፣ የሚጎበኝ ታሪክም አለው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ታንኳ ጊዜው አልፎበታል፤ ለምን ታነሣዋለህ?» የሚል ነው። ታንኳ ለብዙ ሰው ማመላለሻ አይሆንም፤ ይህን ማመን ይገባል። በየጊዜው መታደስ አለበት፣ ተሳፋሪውንም ያረጥባል። ነገር ግን ሞልቶ የማይሰምጥ መሆኑ ዘመናዊው ጀልባ በገንዘብ የሚገዛው ጠባይ ነው። ጥሩ የፋይበር ጀልባ ከመቀመጫው ሥር አየር የታሸገበት ሣጥን ወይም ፎም አለው፤ ያ ሣጥን የሚሠራው ሥራ ደንገሉ የሚሠራውን ነው። ስለዚህ ታንኳን የምናነሣው ለመለኪያ ነው። አዲሱ ጀልባ ቢያንስ በዚህ ከታንኳ ማነስ የለበትም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «ሁሉ ነገር የቀዛፊው ችሎታ ነው፤ ጎበዝ ቀዛፊ በምንም ይሄዳል» የሚል። እውነትነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1972 ማይክ ጆንስ የመራቸው እንግሊዛውያን ወጣቶች ዓባይ ላይ በካያክ ቀዝፈዋል፤ በዚያ ጠባብ ጀልባ ያንን ውኃ የተቋቋሙት በችሎታቸው ነው። ሆኖም እኛ የምንመርጠው ለማን ነው? ለጎበዙ ቀዛፊ ብቻ ነው ወይስ ከኋላው ለሚቀመጡት እንግዶችም? ዋና የማይችሉ እናት፣ የትምህርት ቤት ልጆች፣ ከሩቅ የመጡ ጎብኚዎች የቀዛፊው ችሎታ የላቸውም። መንገደኛ የሚጫንበት ጀልባ በጎበዙ ልክ ሳይሆን በደካማው ልክ መመረጥ አለበት።

አራተኛ፣ «ሞተር ቢገጠምስ?» የሚል አለ። ሞተር ፍጥነት ይጨምራል፤ ከሦስቱ ጥያቄዎች ግን አንዱንም አይመልስም። ውኃ የሞላው ጀልባ ሞተር ስላለው አይንሳፈፍም፤ እንዲያውም ክብደቱ መስመጡን ያፋጥነዋል። ሞተሩ መሐል ላይ ቢጠፋ ደግሞ የሚመልሳችሁ ያው መቅዘፊያ ነው።

[አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ]

እንግዲህ «እመለስበታለሁ» ወዳልኩት ጉዳይ ልምጣ። ለሐይቅ የሚሆን ጀልባ ለመግዛት የቆረጠ ማኅበር ከመክፈሉ በፊት ምን ያድርግ? ጀልባውን ዳር ላይ ወገብ ወደማያልፍ ውኃ ያስገባው። ከዚያ ሆን ብሎ በባልዲ እስከ አፉ ውኃ ይሙላው። ሻጩን ይገርመው ይሆናል፤ ይገረም። ጀልባው ውኃ ሞልቶት ከተንሳፈፈ፣ ጠርዙን የያዙ ሰዎችንም ከቻለ፣ ፈተናውን አልፏል። ከሰመጠ ግን ዋጋው ቢረክስም አይገዛ። ቀጥሎ የሚጭነው ሰው ሁሉ በአንድ ጎን ይቁምበት፤ ምን ያህል እንደሚያዘነብል ይታይ። መጨረሻ ላይ መቅዘፊያው የተያያዘበት ቦታ ይፈተሽ፤ እዚያ ላይ የላላ ነገር መሐል ሐይቅ ላይ አይጠገንም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በሽሎን ወይም ዓባይን በጎማ ጀልባ ለመውረድ ለሚያስብ ደግሞ የሚጨመር ነገር አለ። ወንዙን አስቀድሞ በእግር ያጥናው፤ የአካባቢውን ገበሬና እረኛ ስለ መልካው፣ ስለ ሙላቱ ሰዓት ይጠይቅ። ሰማዩ እዚህ ጥርት ብሎ እያለ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ገባር ወንዞችንም አይናቅ፤ በ1968ቱ ጉዞ አንድ ወታደር ሕይወቱ ያለፈው ዋናው ዓባይ ላይ ሳይሆን ገባር ወንዝ ሲሻገር ነው። አንድ ጀልባ ብቻውን አይውረድ፤ የሚያድን ሌላ ጀልባ ከኋላው ይኑር። ወንዙን የሚያውቅ የሠለጠነ መሪ ካልተገኘ ደግሞ ጉዞው ይቅር።

የዛሬውን እናጠቃልል። ሦስቱ ጥያቄዎች ምን ነበሩ? ቋጥኝ ሲመታው፣ ውኃ ሲሞላው፣ ነፋስ ሲመጣበት። መልሶቹስ? ለገደል ወንዝ፣ በወቅቱና ከሠለጠነ መሪ ጋር፣ በብዙ ክፍል የተነፋ የጎማ ጀልባ። ለሐይቅ ሰፋ ያለ፣ ሞልቶ የማይሰምጥ ደረቅ ጀልባ። ካያክ ለሠለጠነ ብቻ። ለቦርከና ምንም።

አደራ የምንላችሁ አንድ ነገር ነው። የተመረጠው ጀልባ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ላይፍ ጃኬት ያልታጠቀ ሰው አይሳፈርበት፤ ዋናተኛም ቢሆን፣ ርቀቱም አጭር ቢሆን። የማኅበር ሰብሳቢዎች፣ በጀት ስትይዙ የጃኬቱን ዋጋ ከጀልባው ዋጋ ጋር አንድ ላይ ያዙት፤ ለጃኬት ካልበቃ ለጀልባም አልበቃም።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]